ቀኑ ያለፈበት ዕዳና የሰው ስም



ዕዳውን በቀኑ ያልከፈለ ሰው ሁሉ አታላይ ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በራሳችን መካከል ከደረሰው ነገር የተነሣ ነው።

ከእሑድ ትምህርት በኋላ የምንጥለው ትንሽ ዕቁብ ነበረን። አንድ ወንድማችን ዕጣው ቀድሞ ወጣለትና ገንዘቡን ወሰደ። ከዚያም ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ሳይከፍል ቀረ። በአራተኛው እሑድ ጸሐፊያችን መዝገቡን ገልጦ ስሙን በሁላችን ፊት አነበበ። እኛም ሰማን፤ አንዳንዶቻችንም ሣቅን። የዚያ ሳምንት ባለ ዕጣ የነበረችው እኅታችን ገንዘቡ ስለ ጎደለባት የቤት ኪራይዋን በቀኑ ሳትከፍል ቀረች። የአንዱ መዘግየት ሌላይቱንም በአከራይዋ ፊት አሳፈራት። ወንድማችን እናቱ ታመውበት ወደ ደባርቅ ወጥቶ እንደ ነበር የሰማነው ከወር በኋላ ነው። ስሙ መነበቡ ግን እዚያው ድረስ ደርሶት ኖሯል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለዕዳና አበዳሪ ልብስ ለልብስ ታስረው ጉዳያቸው እስኪያልቅ አብረው ይውሉ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ ሰው ከሰው ጋር አይታሰርም፤ ስሙ ግን ከዕዳው ጋር በመዝገብ ይታሰራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የተበዳሪዎች መረጃ በአንድ ማእከል እንዲሰበሰብ አድርጓል። አበዳሪዎችም አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት የጠያቂውን ያለፈ ታሪክ ከዚያ ይመለከታሉ። በባንኮች አሠራር ለአጭርና ለመካከለኛ ጊዜ የተሰጠ ብድር ክፍያው 30 ቀን ሲያልፈው ልዩ ክትትል ከሚያሻው ይመደባል፤ 90 ቀን ሲሞላው ከተበላሸ ብድር ይቆጠራል፤ 360 ቀን ሲደርስ እንደ ጠፋ ገንዘብ ይያዛል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቴሌብር በኩል በስልክ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር እንኳ የተበዳሪውን ጠባይ መዝኖ የሚሰጥ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት አሁን በቁጥር ተጽፎ እናገኘዋለን።

ይህ መዝገብ ክፉ ነውን? አይደለም። አበዳሪው የሚያበድረው የሌሎችን ቁጠባ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም መያዣ የሌላቸውን የገጠር ሰዎች በቡድን አስተሳስሮ አንዱ ለአንዱ ዋስ እየሆነ ያበድር ነበር። በዳባት ወይም በወገራ ደጋ ያለ ገበሬ በእንዲህ ያለ ቡድን ገብቶ ቢዘገይ፥ ዳፋው የሚተርፈው አጥር ለሚያዋስነው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ በቀን መክፈል ጎረቤትን መውደድ ነው።

ነገር ግን መዝገቡ ቀን ይቆጥራል እንጂ ምክንያት አይጠይቅም። ገብሱን በረዶ የመታበት፥ መንገድ ተዘግቶበት ከገበያ የቀረ፥ ገንዘቡንም እያለው የደበቀ በመዝገቡ አንድ ይመስላሉ። በእግዚአብሔር ፊት ግን አንድ አይደሉም። መጠየቅ የሰው ድርሻ ነው፤ እኛም የተላለፍነው ይህንኑ ነው።

ወንድማችንም ከጥፋት ነጻ አልነበረም። ስልክ በእጁ ነበረ፤ አንዲት ቃል ቢልክ ኖሮ እኅታችን አስቀድማ ትዘጋጅ ነበር። ዝም ያሰኘው ኀፍረት ነው። ኀፍረት ሰውን ያስደብቀዋል፤ የተደበቀም ሰው ቅን ቢሆን እንኳ አታላይ ይመስላል።

በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን የነበረችውን መበለት እናስብ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት በመጣ ጊዜ አልተሸሸገችም፤ ወደ ነቢዩ ሄዳ ችግሯን ተናገረች። ነቢዩም ምን እንዳላት ጠየቃት። ዘይቱ በበረከተ ጊዜ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ምሕረቱ ዕዳውን አልሰረዘውም፤ የሚከፈልበትን መንገድ ሰጠ እንጂ። አበዳሪውም ገንዘቡን አላጣም፤ እናቲቱም ልጆቿን አላጣችም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የሚዘገይ ሰው ቀኑ ሳይደርስ ይናገር፤ መዝገብ የያዘም ስም ከማንበቡ በፊት ሄዶ ይጠይቅ። በዕቁባችንም አሁን እንዲሁ ወስነናል፤ አንድ ሰው ሲዘገይ ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ።

ወንድማችን ተመልሶ ዕዳውን እስከ መጨረሻዋ ብር ከፍሏል። በመዝገቡም ላይ ምንም የቀረበት የለም። በመዝሙር ሰዓት ግን እንደ ቀድሞው ከፊት አይቆምም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሳንሰናበት ይወጣል። ገንዘቡን እርሱ መልሷል፤ ስሙን ልንመልስለት የሚገባን እኛ ነን። የእኛም ዕዳ ቀኑ አልፎበታል።