በቃኝ ሲባል ሸክሙ የማን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን ሲደርስ ከከተማዋ አጠገብ ተራራው ላይ የጣራ ገዳምን ደን ያያል። ዙሪያው ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ጥዱና ወይራው እዚያ ቀርቷል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር መነኩሴ ንብረቱ በጣት ተቆጥሮ ያልቃል፤ ቆብ፣ መቋሚያ፣ መቁጠሪያ፣ ዳዊት። ሰውም ስለ እሱ ሲያወራ «የበቃ አባት ነው» ይላል።

«በቃ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ያለው ግስ ነው። ጠላ ሲጨመርለት እጁን ዋንጫው ላይ ከድኖ «በቃኝ» የሚለው እንግዳ፣ ለሙያው «ብቁ» የተባለው ሠራተኛ፣ ለቅድስና «የበቃው» መናኝ፣ ስማቸው ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ልኩን ያወቀ ሰው ጎደለ አይባልም፤ ሞላ ይባላል። ይሁንና መናኙ ጥሎት የሄደው ሸክም ጠፋ ወይስ ወደ ሌላ ትከሻ ተሻገረ? ጥያቄው የገዳም ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ሉዋ ስለተባለች ትንሽ የስክሪፕት ቋንቋ ሲከራከሩ የሚነታረኩት በዚሁ ነው።

ሉዋ በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ነው። ቋንቋዋ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1993 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የሠሯት ሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪ፣ ሉዊዝ ኤንሪኬ ደ ፊጌሬዶና ቫልደማር ሴሌስ ናቸው። ብራዚል ለዓመታት የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር በቀላሉ እንዳይገባ ገድባ ስለነበር ባለሙያዎቿ የሚያስፈልጋቸውን ራሳቸው መሥራት ለምደው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎችም ፔትሮብራስ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች እንጂ የፕሮግራም ሊቃውንት አልነበሩም። ሦስቱ ሰዎች አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ሦስቱም ካልተስማሙ አዲስ ነገር አይጨመርም። ያልገባውን ነገ ማስገባት ይቻላል፤ የገባውን ማውጣት ግን ይከብዳል።

ከዚህ ጥንቃቄ የተገኘችው ቋንቋ መላ መተርጎሚያዋ 300 ኪሎባይት አይሞላም። በ5.4ኛው እትም ለራሷ የያዘቻቸው ቃላት 22 ብቻ ናቸው። ዝርዝርም ይሁን መዝገብ፣ ሁሉም የሚቀመጠው «ቴብል» በሚባል አንድ ዓይነት መያዣ ነው።

የሚወዷት ይህን ሁሉ ጸጋ ይሉታል። በጥቂት ቀን ትለመዳለች፤ በሲ ቋንቋ በተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ብትገባ ቦታ አታጣብብም። የአዶቤ ላይትሩም ብዙ ክፍል በሷ ተጽፏል፤ ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የተባለው ጨዋታ ተጫዋቾቹ ገጽታውን እንዲለውጡ የፈቀደላቸው በሷ ነው።

የሚያማርሩባት ደግሞ ይህንኑ ትንሽነት ይዘው ይመጣሉ። ከቋንቋው ጋር የሚመጣው የመሣሪያ ስብስብ ጥቂት ስለሆነ ሌላ ቋንቋ ያዘጋጀውን እዚህ ፕሮግራመሩ ራሱ ይጽፈዋል። ተመሳሳይ ነገሮች የሚሠሩበት «ክላስ» የሚባል ንድፍ ስለሌላት እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ይፈጥራል፤ የአንዱም ከሌላው አይገጥምም። ተለዋዋጭ ስም «ሎካል» ካልተባለ ለመላው ፕሮግራም ክፍት ይሆናል፤ በስሙ ላይ አንድ ፊደል የሳተ ሰውም ስህተቱን የሚነግረው የለም። መቁጠር ከ1 መጀመሯ እንኳ ከ0 መቁጠር የለመደውን ያናድዳል።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የተለያዩት ሸክሙን በሚያዩበት ቦታ ነው።

የከባድ ነገር ተሸካሚ ከሩቅ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል መድፍ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1868 ወደ መቅደላ ሲጓዝ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። ማን ላቡን እንዳፈሰሰ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ገመዱን የያዘው ሁሉ በዓይን ይታያል። የቀላል ነገር ተሸካሚ ግን ይሰወራል።

ለዚህ ከቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ከድጓ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደደረሱት የሚነገረው የዜማ ምልክት ከንባቡ በላይ የሚቀመጥ ደቃቅ ፊደልና ጭረት ነው። አንዷ ፊደል ሙሉ የዜማ ሐረግ ትጠራለች፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ሂደት ደግሞ ድምፁ የት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚሄድ ያመለክታሉ። ብራናው ላይ ይህ ሁሉ የሚይዘው ቦታ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ክብደቱ ያለው ተማሪው ደረት ውስጥ ነው። ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ በድጓ የሚያስመሰክር ሰው ያንን ዜማ በቃሉ ለመያዝ ዓመታት ፈጅቷል፤ ደብረ ታቦር ላይ የተክሌን አቋቋም የሚማረውም መቋሚያውና ጸናጽሉ የሚንቀሳቀሱበትን ሥርዓት የሚቀበለው መምህሩን አይቶ ነው። ምልክቱ ትንሽ መሆን የቻለው ሰው ትልቁን ስለተሸከመለት ነው። ተማሪው ግን ሸክሙን አውቆና ወድዶ ነው የተቀበለው።

ሳያውቁት የሚጫን ሸክምም አለ። ሉዋ ጽሑፍን የምታየው እንደ ባይት (ኮምፒውተር መረጃ የሚለካበት አሃድ) ሰልፍ ነው። ተጨማሪ ምልክት የሌለው የላቲን ፊደል አንድ ባይት ስለሚይዝ እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ይበቃል። የግዕዝ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ አሠራር ሦስት ሦስት ባይት ነው። «ጣራ ገዳም» ተብሎ ተጽፎ ርዝመቱ ስንት ነው ብትባል ሉዋ 16 ትላለች፤ አምስት ፊደል በሦስት ተባዝቶ፣ ከክፍት ቦታው ጋር። ለሪዮ መሐንዲስ የበቃው ልክ ለአዲስ ዘመን ከተማ ልጅ አልበቃም። በክፋት የተደረገ አይደለም፤ የዓለምን ፊደል ሁሉ ጠባይ ማወቅ ሰፊ ሠንጠረዥ ይጠይቃል፣ ያም ቀላልነቷን ይበላል። ቢሆንም «በቃኝ» ያለው አንዱ ነው፤ የጎደለበት ሌላው ነው።

የገዳም ሥርዓት ይህን ቀድሞ አስቦበታል። በአንድነት ገዳም መነኩሴው የግል ገንዘብ የለውም፤ ግን ውኃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨው፣ የሚመግበው በምድብ ይታወቃል። አረጋዊውን አባት የሚረዳው ረድእም የተሰወረ አይደለም፤ ስሙ እንኳ ከሥራው የወጣ ነው። ምናኔው እውነተኛ የሚሆነው የተተወው ሥራ ማን ዘንድ እንዳረፈ ማኅበሩ ሲያውቅና ሲካፈለው ነው።

ፕሮግራመሮቹም በአንድ ወቅት ይህንኑ አደረጉ። ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሉዋን ለገጾቹ ቅርጽ ማውጫ ሲያስገባ የያዘው እትም ከባይት በቀር ፊደል መቁጠር የማያውቀው 5.1 ነበር። ሥራው ለየቋንቋው አዘጋጅ ቢተው ኖሮ አማርኛ ጸሐፊው ለብቻው፣ ትግርኛውም ለብቻው፣ ታሚሉም ለብቻው በተጨነቁ ነበር። ነገር ግን የየቋንቋውን ፊደል የሚቆጥር አንድ ላይብረሪ ለሁሉም በጋራ ተጻፈ። የሉዋ ደራሲዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 5.3ኛ እትም አነስተኛ የዩቲኤፍ 8 መቁጠሪያ ጨመሩ። አሁን «ጣራ ገዳም» በዚያ ሲለካ መልሱ 6 ነው፤ አምስቱ ፊደላትና በመካከላቸው ያለችው ክፍት ቦታ።