የሕፃን መልክና የአሳዳጊ አንደበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን የልደት በዓል ለማክበር በአዲስ አበባ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንሰበሰብ፣ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ሕፃን ፊደል ሳይለይ አስቀድሞ የሚያነበው መጽሐፍ የቤተ መቅደስ ሥዕል ነው። በአገራችን የሠዓልያን ልማድ ጻድቃን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኣን ግን በአንድ ዐይን በጎን ይሣላሉና፣ ሕፃኑ ይህን አይቶ ደጉን ከክፉ ይለያል። ሥዕል እንዲህ የሚያስተምር ከሆነ፣ ልጆቻችን ስለ ገዛ መልካቸው ከምን እንደሚማሩ ልንመረምር ይገባናል።

ኬንያዊቷ የፊልም ተዋናይት ሉፒታ ኒዮንጎ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. «ሱልዌ» የሚባል ባለ ሥዕል የሕፃናት መጽሐፍ አሳትማለች። ሱልዌ ከቤተሰቧ ሁሉ ይልቅ ጠቁራ የተወለደች ልጅ ናት። ሰዎች ቀላ ያለችውን እኅቷን ሲያደንቁ እያየች፣ ቆዳዋን በላጲስ ልታስለቅቅ ትሞክራለች፤ ነጣ ያለ ምግብ ብትበላ የምትነጣ ይመስላታል። በኋላ ግን ሌሊትና ቀን እኅትማማች እንደ ነበሩ፣ ሌሊትም በሰው ስድብ አዝና ከምድር በሄደች ጊዜ ሰዎች ዕረፍት እንዳጡ የሚናገር ታሪክ ትሰማለች፤ በዚህም ትጽናናለች።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በየቤታችን «እኅቷ ቀይ ናት፤ ይህች ግን በማን ወጣች?» ይባላል። «ድንክ»፣ «ሸውራራ»፣ «ገጣጣ» የሚል ስም ለልጅ ይወጣለታል። እኛም ጨዋታ መስሎን ተናግረነዋል፤ ልጁ ግን እየሳቀ ሰምቶ ሲያድግ ያለቅስበታል። መልካም መጽሐፍ ብንገዛለት እንኳ፣ መጽሐፉን አንድ ጊዜ ያነባል፤ አንደበታችንን ግን ዕለት ዕለት ይሰማል።

ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ስናስጠምቅ፣ ካህኑ ግንባርን፣ ዐይንን፣ አፍንጫን፣ ጆሮን በቅዱስ ሜሮን ያትማል። ይህ ጥቁር ነው፣ ያ ደፍጣጣ ነው ብሎ የሚያልፈው ሕዋስ የለም። እንግዲህ የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ባረፈበት ፊት ላይ ስንሣለቅ፣ በማን ላይ እንደምንሣለቅ እናስተውል።

«ልጅን መልክህ መልካም ነው ማለት ትዕቢትን አያስተምረውምን?» የሚል ይኖራል። ትዕቢት የሚመጣው መልክን እንደ ገዛ ሥራ ከመቁጠር ነው። ዳዊት በመዝሙር 138 ድንቅ ሆኖ ስለ መፈጠሩ የዘመረው ፈጣሪውን ለማመስገን ነው እንጂ ራሱን ለማክበር አይደለም። መልኩ ስጦታ መሆኑን ያወቀ ልጅ አይኩራራም፤ የባልንጀራውንም ስጦታ አይንቅም።

ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ቁመቱ አጭር እንደ ነበረ ይነግረናል። ጌታችን ግን ከዛፉ በታች ቆሞ የጠራው በስሙ ነው፤ በቁመቱ አይደለም። እኛም ዛሬ ከበዓሉ ስንመለስ፣ በጉድለት ስም የምንጠራው ልጅ በቤታችን ቢኖር፣ ያን ስም ከደጅ እንተወውና ልጁን በክርስትና ስሙ እንጥራው። ያሳዘነው ቃላችን ከሆነም፣ ታናሽ ነው ሳንል ይቅርታ እንጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።