ስመ ብዙዋ መርከብ

በስዊድን በጎተንበርግ ተሠርታ በ1948 እ.ኤ.አ. «ስቶክሆልም» በሚል ስም ሥራ የጀመረችው መርከብ፣ በ1956 በአሜሪካ ጠረፍ ከናንተኬት ደሴት ወዲያ «አንድሪያ ዶሪያ» ከተባለችው የኢጣልያ መርከብ ጋራ ተጋጭታ 51 ነፍሳት ካለፉ በኋላ፣ ለምሥራቅ ጀርመን ተሸጣ «የሕዝቦች ወዳጅነት» ተባለች፤ ኋላም ባለቤቶቿ ሲፈራረቁ «ኢታሊያ ፕሪማ»፣ «አቴና»፣ «አስቶሪያ» እየተባለች፣ ሞተሯና የላይ አካሏ ሳይቀር በሌላ ተተካ። እንግዲህ ይህች ያችው ናትን?

አብራም አብርሃም፣ ስምዖንም ጴጥሮስ የተባሉት ለአዲስ ግብር በተጠሩ ጊዜ ነው፤ የመርከቢቱ ስም ግን ከገዢዋ ፈቃድ እንጂ ከግብሯ አልተወለደም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ግዙፍ አካል ቢታደስም ህላዌን የሚያጸናው በእርሱ የተፈጸመው ነገር ነው። ስለዚህ ባለቤቶቿ ስሟን ለመለወጥ ሥልጣን ቢኖራቸውም፣ የእነዚያን ሙታን ዝክር ከእርሷ ለመለየት ሥልጣን አልነበራቸውም።