ጸጋና መታዘዝ

በጎ ለመሥራት የሚደክም ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ምን ያህል ብሠራ ይበቃል?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ለክርስቲያን ይልቁን ይከብደዋል። ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረው ትምህርት ደቀ መዛሙርቱ እንደ ሰማያዊ አባታቸው ፍጹማን እንዲሆኑ አዝዟል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ሰው የሚድነው በእምነት፥ በጸጋ እንጂ የሚመካበት ሥራ ኖሮት አለመሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ፍጹምነት ከታዘዘ ማን ይድናል? መዳን ስጦታ ከሆነስ መታዘዝ ስለ ምን ያስፈልጋል? ሁለቱን ቃሎች ያስተባበረ ሰው የኑሮውን መንገድ ያቃናል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ግን ወይ በትዕቢት ወይ በስንፍና ይወድቃል።

ክርክሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከብሪታንያ ደሴት የመጣ ጴላግዮስ የሚባል መናኝ በሮም ከተማ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን ክርስትና የነገሥታት ሃይማኖት ሆኖ ስለ ነበረ ስሙን ይዘው ግብሩን የተዉ ሰዎች አያሌ ነበሩ። እነዚህም ጥፋታቸውን ሁሉ በሰው ባሕርይ ድካም ያመካኙ ነበር። ጴላግዮስ በዚህ ተቈጣ። እግዚአብሔር የፈጠረውን ያውቃል፤ የማይቻለውንም አያዝም፤ ስለዚህ ሰው ከወደደ በተሰጠው ነጻ ፈቃድ ትእዛዙን ሁሉ ሊፈጽም ይችላል ብሎ አስተማረ። ይህንንም ሐሳብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ413 ዓ.ም. ገደማ ዴሜጥርያስ ለምትባል ድንግል በላከው ደብዳቤ ገልጦታል።

ይህን ትምህርት የተቃወመው በሰሜን አፍሪቃ፥ ዛሬ አልጄርያ በሚባለው አገር፥ የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ ነው። እርሱ በ387 ዓ.ም. ከመጠመቁ በፊት በጎውን እየወደደ ክፉውን ሲሠራ፥ ፈቃዱም ለሁለት ተከፍሎ ሲታገለው ብዙ ዓመት ኖሮ ነበር። ይህንን ሁሉ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ተርኳል። በዚያው መጽሐፍ እግዚአብሔር የሚያዘውን እርሱ ራሱ እንዲሰጠው ይለምናል፤ ጴላግዮስም ይህ ጸሎት በሮም ሲጠቀስ በሰማ ጊዜ ሊታገሠው እንዳልቻለ አውግስጢኖስ ጽፏል። የክርክሩ ሥር በዚህ ይታያል። አንደኛው ለሰው መንገዱን ማሳየት ይበቃዋል ይላል። ሁለተኛው ግን እግሩ የሰለለ ሰው መንገዱን ቢያውቅም መሄድ አይችልምና አስቀድሞ እግሩን የሚያጸናለት ያሻዋል ይላል።

በ418 ዓ.ም. በካርታጎ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት የጴላግዮስን ትምህርት አወገዙ። አውግስጢኖስ በ430 ዓ.ም. ካረፈ በኋላም በ431 ዓ.ም. የተደረገው የኤፌሶን ጉባኤ የጴላግዮስ ባልንጀራ የቄሌስጥዮስን ተከታዮች ለየ። ይህም ጉባኤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አንዱ ነውና ነገሩ ለእኛ የሩቅ ሰዎች ጠብ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ሆኖም ፍርድ ተሰጠ ማለት ጴላግዮስን ያስቈጣው ነገር ከዓለም ጠፋ ማለት አይደለም። «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» እያለ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር ሰው ዛሬም አለ።

እንግዲህ የታዘዝነው ፍጹምነት ምን ዓይነት ነው? ፍጹም የሚለው ቃል «ፈጸመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በግሪክኛው ወንጌል የምናገኘው «ቴሌዮስ» የተባለው ቃልም እንዲሁ ከፍጻሜው የደረሰ፥ የጐለመሰ ማለት ነው። ደግሞም ትእዛዙ የተነገረበትን ስፍራ መመልከት ይገባል። ከዚያ በላይ የተነገረው ጠላትን ስለ መውደድ ነው፤ እግዚአብሔር ፀሐዩንና ዝናሙን ለደጉም ለክፉውም ሳያዳላ እንደሚሰጥ ያስረዳል። ወንጌላዊው ሉቃስም ይህንኑ ትምህርት ሲጽፍ ማቴዎስ ፍጹማን ባለበት ስፍራ ርኅሩኆች ይላል። ስለዚህ የተጠየቅነው ነቀፋ የሌለበት መዝገብ ይዘን እንድንቀርብ ሳይሆን ለማይገባው ሰው እንኳ የሚተርፍ ፍቅር እንዲኖረን ነው። ይህም በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ፍጹምነትን በበጎነት ሳያቋርጡ ማደግ አድርጎ ተርጕሞታል፤ ጳውሎስም ቢሆን ገና እንዳልደረሰና ወደ ፊት እንደሚሮጥ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ጽፏል። በአገራችንም ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል ይባላል።

መታዘዝን ደግሞ የጎርጎርዮስ ወንድም ቅዱስ ባስልዮስ በሦስት ከፍሎታል። ባሪያ ቅጣትን ፈርቶ፥ ምንደኛ ደመወዙን አስቦ፥ ልጅ ግን አባቱን ወዶ ይታዘዛል። ይህን በየመሥሪያ ቤቱ ማየት ይቻላል። አንዱ ጸሐፊ መዝገቡን የሚገልጠው የአለቃውን ኮቴ ሲሰማ ነው። ሌላው የደረጃ ዕድገቱ ጊዜ ሲቃረብ ይተጋል፤ ያን ካገኘ በኋላ ግን ይደክመዋል። ሦስተኛው ከደጅ የቆመው ባለጉዳይ ከሩቅ አገር ስንቁን ጨርሶ እንደ መጣ አስቦ፥ ማንም ሳያየው ጉዳዩን ይፈጽምለታል። ሦስቱም ለአንድ ደንብ የሚታዘዙ ናቸው፤ ልባቸው ግን አንድ አይደለም። ጸጋ ትእዛዝን አይሽርም፤ ባሪያውንና ምንደኛውን ልጅ ያደርጋል እንጂ። ልጅ የሆነውም ልጅነቱን በሥራ አልገዛውም፤ ነገር ግን ልጅ ስለ ሆነ ይሠራል።

ሥራችን የመዳናችን ዋጋ ሊሆን አለመቻሉን በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ያስረዳል። 78 ሰዎችን የበላው ይህ ሰው ለአንድ የተጠማ በሽተኛ ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በሚዛንም ጊዜ ጥርኙ ውሃ መዘነለት። ጥርኝ ውሃ የ78 ሰዎች ደም ካሣ ነው የሚል ማንም የለም። ሚዛኑን ያጋደለው ምሕረት ነው። ይሁን እንጂ ምሕረቱ ያገኘው ሰው ለሌላው ከመራራት ጋር ነው፤ ከልቡ ጥቂት በር ተከፍቶ ነበርና።

በሩን የዘጋውን ደግሞ ማቴዎስ በምዕራፍ 18 ያሳየናል። የ10,000 መክሊት ዕዳ የተማረለት አገልጋይ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ አሳሰረው። ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ ነው፤ አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይገመታል። ስለዚህ የተማረለት ዕዳ እርሱ ካልማረው 600,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ምሕረቱን ሠርቶ አላገኘውም፤ ለባልንጀራው ባለማስተላለፉ ግን አጣው። በጸጋና በመታዘዝ መካከል ያለው ማሠሪያ ይህ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሰው ጸጋን መቀበሉ የሚታወቀው ስለ ጸጋ አጥብቆ በመከራከሩ፥ ወይም ጾሙንና ምጽዋቱን በመቍጠሩ አይደለም። የወደቀ ሰው ወደ ደጁ ሲመጣ በሚያደርገው ይታወቃል። በገዛ ሥራው የዳነ የሚመስለው «እኔ የቻልኩትን እርሱ ለምን አቃተው?» ይላል። ጸጋን ለስንፍናው መሸሸጊያ ያደረገውም ወንድሙን አያነሣውም። በስጦታ መቆሙን የሚያውቅ ግን ሥራውን አይተውም፤ ባልንጀራውንም አይንቅም። አንባቢ ሆይ፥ «ምን ያህል ብሠራ ይበቃል?» ከማለት ይልቅ «የተሰጠኝን ለማን ላድርስ?» ብለን ብንጠይቅ፥ ትእዛዙ ቀንበር መሆኑ ቀርቶ የልጅነት ሥራ ይሆንልናል።