ፍርሃት በስንት ነጥብ ይተካል?

ሁለት ሰዎች ሰይፍ ተማዘው ገጠሙ። አንደኛው የሌላውን ራስ ሲመታ፣ ሌላው በዚያችው ቅጽበት ሆዱን ወጋው። ማን አሸነፈ? ስለቱ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ለመልሱ የሚቸኩል አይኖርም፤ ሁለቱንም ቀብሮ መመለስ ነው። ስለቱ የደነዘዘ፣ ገጣሚዎቹም ጭምብል ያጠለቁ ሲሆኑ ግን ሁለቱም በእግራቸው ቆመው ዳኛውን ያዩታል፤ ዳኛውም አንድ ነገር ማለት አለበት። የዚህ ሐተታ ጉዳይ ዳኛው የሚለው ነገር ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ካለፈው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የድሮውን የሰይፍ ጥበብ ከመጽሐፍ ፈልቅቀው ለማውጣት የሚደክሙ ማኅበራት በርክተዋል። መጻሕፍቱስ አሉ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ሊሽተናወር በስንኝ ያስተማረው ትምህርት በተከታዮቹ እጅ ተጽፎ ቆይቷል፤ ጣሊያናዊው ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ እ.ኤ.አ. በ1409 ገደማ በሥዕል አስደግፎ ያዘጋጀው መጽሐፍ አለ፤ ዮአኪም ማየር በ1570 ስትራስቡርግ ላይ ያሳተመው አለ። የጎደለው መምህሩ ነው፤ ከመምህሩም ይበልጥ ባላጋራው። በመጽሐፍ የተጻፈ ምት እንደሚሠራ የሚታወቀው፣ መመታት የማይፈልግ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ነው። ስለዚህ ውድድር ተጀመረ፤ በስዊድኗ ጎተንበርግ በ2006 የጀመረው ስዎርድፊሽ ከታወቁት አንዱ ነው። ውድድር ሲመጣ ደንብ መጣ፤ ደንብ ሲመጣ እስካሁን ያልበረደ ክርክር ተከተለ።

አንዷን ቅጽበት ቀርበን እንያት። ቀዩና ሰማያዊው ገጣሚ ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። የያዙት ሰይፍ 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው፤ በሁለት እጅ ይያዛል። ዛሬ ገጣሚዎቹ «ፌደር» ይሉታል። ለልምምድ የተሠራ ስለሆነ ሲወጉበት ይለመጣል። ቀዩ ሰይፉን ከቀኝ ትከሻው በላይ አንሥቶ በሰያፍ ያወርደዋል። ሰማያዊው መመከት ሲገባው አይመክትም፤ ምቱ እንደሚያርፍበት እያየ ክንዱን ዘርግቶ ጫፉን ወደ ቀዩ ደረት ይሰዳል። የቀዩ ብረት ጭምብሉ ላይ «ቋ» ይላል፤ የሰማያዊው ደግሞ ጃኬቱ ላይ ተተክሎ እንደ ደጋን ይጎብጣል። የመሃል ዳኛው ጨዋታውን ያስቆማል። የማዕዘን ዳኞቹ ባንዲራ ያነሣሉ፦ ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሁለቱንም።

አሁን ሰማያዊውን እንጠይቀው። ያ ሰይፍ የተሳለ ቢሆን ክንድህን ትዘረጋ ነበር? ሐቀኛ ከሆነ አልዘረጋም ይላል። የተሳለ ብረት ወደ ግንባር ሲወርድ ሰውነት ከሐሳብ ቀድሞ ይሸሻል ወይም ይመክታል። መጽሐፎቹ የሚያስተምሩት ይህን የሚፈራ ሰው ነው፤ ትምህርታቸው በሙሉ ተማሪው መሞት እንደማይፈልግ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። ጭምብሉና ወፍራሙ ጃኬት ከቁስል ሲያድኑት ያንን ታሳቢ አብረው ይወስዱታል። ዘዴው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ምክንያቱ ይጠፋል።

እንግዲህ ነጥብ የምን ምልክት ነው? ቶሎ የሚመጣው መልስ «የቁስል» የሚል ነው። ብዙ ውድድሮች በዚህ መልስ ይሄዳሉ፤ ለራስና ለደረት ከፍ ያለ፣ ለእጅና ለእግር ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ። ራስ ሦስት፣ ክንድ አንድ ነው እንበል። ሦስት ጊዜ ክንዱን የተመታና አንድ ጊዜ ራሱን የተመታ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ግን ክንዱ አንዴ ከተቆረጠ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚቀበልበት ክንድ ከየት ያመጣል? ራሱን የተመታውስ ተነሥቶ ወደ መስመሩ ተመልሶ ለሚቀጥለው ዙር የሚሰለፈው በምን ተአምር ነው? ቁስል አይደመርም። የሚደመር ነገር ካለ ቁስል ያልሆነ ነገር ነው።

እኔ የምለው ነጥብ ዋጋ ነው። እውነተኛው ስለት በነጻ ይሰጥ የነበረውን ፍርሃት ጨዋታው ገዝቶ ማስገባት አለበት፤ የሚገዛበትም ገንዘብ ነጥብ ነው። ይህ ከሆነ «ደንቡ እውነተኛ ውጊያን ይመስላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። የሚጠየቀው «ይህ ደንብ ገጣሚውን ምን ያስፈራዋል?» ተብሎ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ «ይህን ያህል መፈላሰፍ ምን ያደርጋል? ታሪካዊ ነን ካልን የጥንቶቹ እንዳደረጉት እናድርግ።» መልካም፤ የጥንቶቹ ምን አደረጉ? ተጫወቱ። የማርክስብሩደር የሰይፍ ማኅበር በ1487 ከንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛ ልዩ መብት ሲቀበል፣ በጀርመን ከተሞች ሰይፈኞች በሕዝብ ፊት ለሽልማት የሚገጥሙበት ልማድ ነበር። በእነዚያ ግጥሚያዎች የሚያሸንፈው ከፍ ካለ የሰውነት ክፍል ደም ያፈሰሰ ነው። በረጅሙ ሰይፍ መውጋት ነውር ሆኖ ቀርቶ ስለነበር ማየር ራሱ በ1570 መጽሐፉ በረጅሙ ሰይፍ ክፍል የሚያስተምረው ይበልጡን መምታትን ነው። እንግዲህ «እንደ ጥንቱ» የሚለው ሰው ከየትኛው ጥንት ሊጀምር ነው? ፊዮሬ መውጋትን ያስተምራል፤ የማየር ዘመን ጨዋታ ይከለክላል። ጉግስ ያየ ሰው ለዚህ አይደነቅም፤ ጦሩ በዘንግ ሲተካ ፈረሰኛው የሚጠነቀቅለት ነገር አብሮ ይለወጣል። ታሪክ አንድ ውጊያ አላወረሰንም፤ ብዙ ጨዋታዎችን ነው ያወረሰን፤ እያንዳንዱም ስለ ፍርሃት የራሱ አስተያየት አለው።

በነገራችን ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት የሚመታቱበት የእኩል ምት ራስ ምታት የዛሬ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሲልቨር በ1599 ባሳተመው መጽሐፍ በለንደን የሚያስተምሩትን የጣሊያን ሰይፈኞች አጥብቆ ይከሳል። ከክሶቹ አንዱ፣ የእነሱን ቀጭን ሰይፍ የተማሩ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሁለቱም ተወጋግተው ይወድቃሉ የሚል ነው። ሰውዬው ለውጭ አገር ሰው ደግ አልነበረም፤ ነገር ግን ያነሣው መከራከሪያ ከባድ ነው፦ ሳይመቱ መምታትን ካላስተማረ ጥበቡ ምን ሊባል ነው?

ወደ ዳኛው እንመለስ። እኩል ምት ሲገጥመው ከፊቱ ያሉት መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንደኛው «አልሆነም፤ ድገሙ» ማለት ነው። ይህ ለሰማያዊው ስጦታ ነው፤ ሊሞትበት የነበረውን ዙር በነጻ ሰረዘለት። ሁለተኛው ለሁለቱም ነጥብ መስጠት ነው። ኤፔ የሚባለው የኦሊምፒክ የሰይፍ ስፖርት እንዲህ ያደርጋል፤ ሁለቱ ምቶች ከ40 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ካረፉ ምት የሚቆጥረው ማሽን ሁለቱንም መብራት ያበራል። ውጤቱ ምን ይሆናል? 14 ለ13 የሚመራ ሰው አንድ እኩል ምት ካገኘ 15 ለ14 አሸንፎ ይወጣል። ስለዚህ ባላጋራውን አብሮት እንዲሞት ይጋብዘዋል። ኤፔ ውብ ስፖርት ነው፣ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን መሪው ሞትን የማይፈራበት ሰዓት በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱንም መቅጣት ነው። በአንዳንድ የረጅም ሰይፍ ውድድሮች እኩል ምት ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሦስት ላይ ሲደርስ ሁለቱም እንደተሸነፉ ይመዘገባል። ለስፖርት ጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ ሰይፍን ከሌሎች ስፖርቶች ጋር የሚያጣምረው ዘመናዊ ፔንታትሎንም ይህን ያውቃል፤ አንድ ምት ብቻ በሚወስነው የሰይፍ ግጥሚያው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማንም ካልመታ ሁለቱም ተሸናፊ ናቸው። ይህን ደንብ እኔ እወደዋለሁ፤ የሲልቨርን ክስ ወደ ሕግ የለወጠ ነውና። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። በምድቡ የመጨረሻ ግጥሚያ አንዱ አስቀድሞ ከውድድሩ ወጥቷል እንበል፤ ሌላው ለማለፍ ድል ይፈልጋል። የወጣው ሰው የሚያጣው የለም። ቢፈልግ ሦስት ጊዜ እየገባ አብሮ በመሞት ሌላውን ይዞት ይወርዳል። ቅጣቱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ፍርሃቱ ግን እኩል አይደለም። ሕግ ለሁሉ አንድ ቢሆንም የሚፈራው የሚያጣው ነገር ያለው ብቻ ነው።

አራተኛው የአጸፋ ምት ነው። የተመታው ሰው ወዲያው፣ በአንድ እርምጃ ጊዜ ውስጥ፣ መልሶ ከመታ ይቆጠርለታል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ራሱን ተመትቶም ቢሆን ክንዱ ወዲያው አይሞትም፣ ስለዚህ የመታው ሰው ተሸፍኖ መውጣትን ይማር የሚል ነው። እዚህ ላይ አፈጻጸሙ ሁሉን ይወስናል። አጸፋው የመጀመሪያውን ነጥብ የሚቀንስ ከሆነ መቺው ይጠነቀቃል፤ የተመታውም ትርፍ የለውም፣ ኪሳራውን ያቃልላል እንጂ። አጸፋው ሙሉ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ሌላ ንግድ ይከፈታል፦ እግርህን በአንድ ነጥብ ትሸጣለህ፣ ራሱን በሦስት ትገዛለህ። እግሩን አውቆ የሚሰጥ ሰይፈኛ በየትኛውም የድሮ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ ይህ ደንብ ግን ይፈጥረዋል።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ ያየ ሰው ያስፈልጋል። «ማሽን ይቁጠረው» የሚል አለ፤ በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ የሆነውን ላስታውሰው። የሶቪየቱ የፔንታትሎን ተወዳዳሪ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ በኤፔው እጀታ ውስጥ ማብሪያ ደብቆ፣ ጫፉ ማንንም ሳይነካ መብራቱ ይበራለት ነበር፤ ተደርሶበት ተባረረ። ማሽኑ አልዋሸም። የሚመሰክረው ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት መዘጋት ብቻ ነው፤ መነካቱን የጨመርንበት እኛ ነን። ለረጅሙ ሰይፍ ችግሩ ይብሳል፤ ዳኛው የሚጠየቀው «ነካው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስለት ቢኖረው ይቆርጠው ነበር ወይ?» ነው። በጠርዙ ነው የመታው ወይስ በጎኑ? ጉልበት ነበረው ወይስ ልብስ አበሰ? ይህ ስለሆነው ነገር ሳይሆን ሊሆን ይችል ስለነበረ ነገር የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ አራት ሰዎች በአራት ማዕዘን ቆመው ቢለያዩ አይፈረድባቸውም። ከሁሉ የሚታመነው ራሱ የተመታው ሰው ነው፤ በራሱ ላይ ይመሰክራልና። እጁን አንሥቶ «አግኝቶኛል» የሚል ገጣሚ ሲኖር የማዕዘን ዳኞቹ ባንዲራ ትርፍ ይሆናል። ደንብ ግን ይህን ማዘዝ አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው እውነት መናገርን ውድ አለማድረግ ነው።

አንድ መንገድ ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የሚያረካኝም እሱ ነው። በፍላንደርስና በሰሜን ፈረንሳይ ከተሞች የነበሩ የሰይፍ ማኅበራት «የንጉሥ» ጨዋታ ነበራቸው። ከእነዚህ ማኅበራት የጌንቱ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር በ1613 የመብት ደብዳቤውን ተቀብሎ እስከ ዛሬ በከተማዋ አለ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዛሬ በዚያ መንገድ ሲጫወቱ የሚከተሉት እንዲህ ነው። አንዱ ንጉሥ ሆኖ ሜዳውን ይይዛል፤ ሌሎቹ በተራ ይገጥሙታል። ከፍ ብሎ ያረፈ ምት ያሸንፋል። የአጸፋ ምት የንጉሡ መብት ነው። እኩል ከሆኑ ንጉሡ ባለበት ይቆያል።

አድልዎ ነው? አዎ፣ ግን ምክንያት ያለው አድልዎ። በፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ ማስረጃቸው እኩል ቢመዝን ከሳሹ ይሸነፋል፤ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ስለሆነ። እዚህም ሊወስድ የመጣው ነው አጥርቶ መውሰድ ያለበት። አብሮ መሞት ለገጣሚው ምንም አያስገኝለትም፤ ሰማያዊው ክንዱን ዘርግቶ ቢወጋ ከሜዳው ወጥቶ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። እኩል ምትን የሚመለከት የተለየ ቅጣት አላስፈለገም፤ ፍርሃቱ ከጨዋታው ቅርጽ መጣ። ንጉሡስ? እሱ በአጸፋው ተማምኖ ሊሰንፍ ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ሆኖም የእሱ አጸፋ ከተመታበት ቦታ ያነሰ ከሆነ አያድነውም፤ ራሱን ከተመታ ከራስ በላይ የሚመታው የለም፤ ስለዚህ ራሱን አጥብቆ ይጠብቃል።

ታዲያ ለምን ሁሉም በዚህ ደንብ አይጫወትም? የንጉሥ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው። የዛሬ ውድድር የሚፈልገው ዝርዝር ነው፦ ከአንደኛ እስከ አርባኛ፣ በነጥብ ልዩነት፣ በምድብ፣ በጥሎ ማለፍ፤ ከሩቅ አገር ትኬት ቆርጦ የመጣ ሰው ስንተኛ እንደወጣ ሳያውቅ መመለስ አይፈልግም። ዝርዝር ደግሞ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ አሸናፊ ይጠይቃል፤ አሸናፊ በሌለበትም ጭምር። የእኩል ምት ጭንቀት ግማሹ ከሰይፉ አይደለም፣ ከዚህ ፍላጎት ነው። አዘጋጅ ብሆን ምድቡን ሁለቱንም በሚቀጣው ደንብ አጫውቼ፣ ለመጨረሻዎቹ ስምንት ሰዎች ንጉሥ አስቀምጥላቸው ነበር። ከሁለተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉት ደረጃ አይኖራቸውም፤ የሚያጉረመርም ካለ ሌላ ውድድር ይፈልግ።