ሩጫው ሲበረታ ማዕዱም ይበርታ

የወሎዋ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ ላይ ዳገት ቁልቁለቱን በሳምንት አምስት ስድስት ቀን የሚሮጥ ወጣት ብዙ ሳይቆይ ልቡ ይጠነክራል፣ ትንፋሹም ይረዝማል። ልምምዱ በእጥፍ አድጎ ሳህኑ የድሮው ከሆነ ግን ሰውነት ዕዳውን ከራሱ ሥጋና አጥንት ይከፍላል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጉንፋን ይመላለሳል፣ የቅልጥም ሕመም አልለቅ ይላል፣ የሩጫ ሰዓትም ከመሻሻል ይልቅ ይበላሻል። መክሳትን የብርታት ምልክት አድርጎ ማየት መቅረት አለበት።

የአገራችን ታላላቅ ሯጮች እንዴት እንደሚበሉ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። አሥር የረጅም ርቀት ሯጮች በከባድ ልምምድ ላይ ሳሉ ምግባቸው ተመዘነ። ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነበር፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 10 ግራም ገደማ ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን የበሉትና ያቃጠሉት ኃይል መመጣጠኑ ነው። ብዙ ይሮጡ ነበር፣ ብዙም ይበሉ ነበር።

ለዚህ የሚሆን ምግብ ከወሎ ቦረና፣ ከሳይንትና ከለጋምቦ ጓዳ አይጠፋም። ገብሱ በሶና ቆሎ ይሆናል፤ ባቄላው፣ አተሩና ምስሩ ፕሮቲን ይሰጣሉ። የታሸገ ዱቄት ከከተማ ለመግዛት ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት በሶ በውኃና በማር በጥብጦ ልምምድ እንዳበቃ መጠጣት ይቅደም። ጡንቻ ያጠፋውን ኃይል ፈጥኖ የሚተካው ከሩጫ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። ቁርስን እስከ ረፋድ የሚያቆይ ሯጭ ይህን ጊዜ በከንቱ ያሳልፈዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚወስደውን ብረት ስለሚቀንሱ ለሌላ ሰዓት ይቆዩ። በከፍታ ላይ ለሚሮጥ ሰው ብረት የደም ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጾም ነው። ወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርበት አገር ስለሆነ አንድ አሠልጣኝ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ልጅም፣ በረመዳን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ውኃ እንኳ የማይጠጣ ልጅም ይኖረዋል። ሁለቱንም ከእምነታቸው ማጋጨት አያስፈልግም፤ መለወጥ ያለበት የልምምዱ ሰዓት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ከባዱን ሩጫ ንጋት ላይ ጨርሶ ቀኑን ባዶ ሆዱን እንዳይውል፣ ልምምዱ ወደ መብያው ሰዓት ይጠጋለት። ረመዳን ላይም ከባዱ ክፍል ከኢፍጧር በፊት ባለው ሰዓት ወይም ከኢፍጧር በኋላ ይሁን፤ ከንጋት በፊት የሚበላው ሱሁር አይዘለል፣ በሌሊቱም ውኃ በደንብ ይጠጣ። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በማይበላበት ወቅት ጥራጥሬ ከእያንዳንዱ ማዕድ እንዳይጠፋ፤ ፍስክ ሲገባ ደግሞ ወተትና እንቁላል በቸርነት ይቅረቡ፤ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬ አይገኝምና።

ስለ ጥራጥሬ ከተነሣ ጓያን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በደላንታና ዳውንት ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ሰው ጓያ ላይ ተደግፎ ብዙዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ሲሆን ከባድ የጉልበት ሥራም ያባብሰዋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚሮጥ ልጅ ዋና ምግቡ የጓያ ሽሮ መሆን የለበትም። ሽሮው ከአተር ወይም ከባቄላ ይዘጋጅለት።

ሴት ሯጮች ለብቻቸው ሊታሰብላቸው ይገባል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ከሚያቃጥሉት ኃይል ያነሰ የሚመገቡ አትሌቶች የወር አበባቸው ሊቋረጥ፣ አጥንታቸውም ሊሳሳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የወር አበባ መቅረቱን የጥሩ ልምምድ ውጤት ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። አሠልጣኞች፣ እናቶችና ታላላቅ እህቶች ሆይ፣ ልጆቹን ሳታሳፍሩ ጠይቁ፤ የአንዷ የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ሩጫውን ቀንሱላት፣ ምግቧን ጨምሩላት፣ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።