ባዶ የሚመስል ዳርቻ

መንገድና ሆቴል ያልደረሰበት ምድር ባለቤት የለውምን? በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሚገኘውን የኦዜት የባሕር ዳርቻ ለማየት የሚሻ መንገደኛ በቀዝቃዛው የዝናብ ደን ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዛል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ፊት ሲደርስም፣ «የሰው እጅ ያልነካው!» ብሎ ይደነቃል። ይሁን እንጂ በ1970 እ.ኤ.አ. ማዕበል ዳርቻውን ሲሸረሽረው፣ ከብዙ ዘመናት በፊት በጭቃ ናዳ የተቀበሩ የማካህ ሕዝብ የሳንቃ ቤቶች ተገለጡ። ከ55,000 በላይ ቅርሶች ተቆፍረው ወጡ፤ ማካሆችም በ1979 በከፈቱት ሙዚየም ያሳዩአቸው ጀመር።

እንግዲህ ባዶ የነበረው ምድሪቱ ሳትሆን የተመልካቹ ዕውቀት ነው። ውበትን ማድነቅ መልካም ነው፤ ባለቤቱን የዘነጋ አድናቆት ግን ከንጥቂያ የራቀ አይደለም። ስለሆነም ጎብኚ በዚያ አሸዋ ላይ ሊራመድ የሚገባው እንደ አግኚ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው።